መጋዝና ሞረድ በዳኛዋ ቤት

ሰማይ ሲጠቁር ፊቱ የሚበራ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ሌላው ሰው ደመና ሲያይ ልብሱን ከገመድ ላይ ለመሰብሰብ ይሮጣል፤ ጃንጥላ ጠጋኙ ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ቦታው ብቅ ይልና ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሚዜ አንገቱን አስግጎ ሽቅብ ያያል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው "ደመና" የሚል ስም አወጣለት። ወጣቶቹ አክብረው "ጋሽ ደመና" ይሉታል።

ከፊቱ አንዲት የጣውላ ሳጥን አለች። በውስጧ ጉጠት፣ ወስፌ፣ ሰም የጠጣ ክር፣ ከሞቱ ጃንጥላዎች የተነቀሉ ቀጫጭን የብረት ጎድኖች ተደርድረዋል። የተበጠሰ ማንገቻም፣ እምቢ ያለ ዚፕም ይመጣለታል፣ አይመልስም፤ ልቡ ግን ጃንጥላ ጋ ነው። ወስፌውን ሲሰካ ያንጎራጉራል። ቃሉን ከራሱ ያወጣል፣ ዜማውን ካገኘበት ይለቅማል።

"ዝናብ ሲመጣ ነው ሰው የሚፈልገኝ፣
ፀሐይ የወጣ ለት ማነው ያስታወሰኝ።"

አንድ ስፌት ሲጨርስ ክሩን በሦስት አቅጣጫ ዘርግቶ ይቋጥረዋል፤ ቋጠሮው የወፍ እግር ይመስላል። በዚያ ሰፈር ዝናብ ሲጥል ቀና ብሎ የጃንጥላውን ሆድ ያየ ሰው፣ ከራሱ በላይ አንዲት ወፍ ተራምዳ ያለፈች ይመስለዋል።

ሚስቱንም ያገኘው በዚሁ ሙያው ነው። በልጅነታቸው፣ ነፋስ በበዛበት አንድ ከሰዓት፣ ጃንጥላዋ ሽቅብ ተገልብጦ ጽዋ የመሰለባት ልጅ ውኃ እያንጠባጠበች መጣች። ጃንጥላው ቀይ ነበር፤ እጀታው ቆልማማ እንጨት። እሱ ሲጠግን እሷ ከራሱ በላይ ቆማ ትቆጣጠረዋለች።

"እዚህ ጋ አልጠበቀም። ይሄ ክር ደግሞ ከቀለሙ ጋር አይሄድም።"

ጨርሶ ሲሰጣት የወፍ እግሯን በጣቷ ነካች። "ይቺ ምንድን ናት?"

"የእኔ ምልክት ናት።"

"እንግዲያው ቢበላሽ የት እንደምመጣ አወቅኩ" አለች። ጃንጥላው አልተበላሸም። እሷ ግን መጣች።

ዛሬ እሷ ከመኖሪያቸው ሥር የክርና የአዝራር ሱቅ አላት። የተጣሉ ጎረቤቶች እዚያ ይመጣሉ፤ እሷም አዝራር በየመልኩ እየለየች የሁለቱንም ወገን ትሰማና በመጨረሻ አንድ ነገር ትናገራለች። ያ የተናገረችው ይግባኝ የለውም። ስሟም "ዳኛዋ" ሆኖ ቀረ። "ቃሌ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ የእኔ ነው፤ ከወጣ በኋላ እኔ የእሱ ነኝ" ትላለች። ባሏ ይህን ያውቃል። ሰላሳ ሁለት ጥርሱን ገጥሞ ሲቀበለው ኖሯል።

ጥርስ ካነሳን ወደ ጉዳያችን ደረስን።

ሁለቱን ጊኒ ፒጎች ያመጣችው የመጨረሻ ልጃቸው ናት። አይጥ እንዳይባሉ ጅራት የላቸውም፤ ጥንቸል እንዳይባሉ ጆሯቸው አጭር ነው፤ 'ፒግ' አሳማ ማለት ቢሆንም የአሳማነት ወሬ ከስማቸው አያልፍም። እጅ የሚሞሉ፣ ክብ፣ ሙቅ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያስታወሱ የሚመስሉ እህትማማቾች። ልጅቷ ቡናማዋን "ብስኩት"፣ ጥቁርና ነጯን "ከረሜላ" አለቻቸው። አባትየው ሳምንት ያህል ታዘባቸውና ስማቸውን ለወጠው። አንዷ የወንበር እግር ስትቆርጥ ድምፅዋ ገር-ገር-ገር ይላል፤ እሷ መጋዝ ሆነች። ሌላዋ የተቆረጠውን ዳር ዳሩን ታለሰልሳለች፤ እሷ ሞረድ ሆነች።

"አባዬ፣ ጥርሳቸው ሳያቋርጥ ያድጋል እኮ። ካልቆረጠሙ አፋቸው አይገጥምም" ትል ነበር ልጅቷ።

"እሺ ይቆርጥሙ። ግን ቅርንጫፍ አመጣሁላቸው አይደል? አሽትተው ተዉት። እንጨቱ ወንበር እስኪሆን ነው እንዴ የሚጠብቁት?"

ከዚያ ልጅቷ ተዳረች። ከከተማው ማዶ፣ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ቤት ገባች። "ቤቴን ላስተካክልና እወስዳቸዋለሁ" ብላ ሁለቱን ትታ ሄደች።

ልጅ የወጣበት ቤት እንዴት ዝም እንደሚል ያልዳረ አያውቀውም። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፤ ማንኪያው ሲቀመጥ ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፣ ለዓመታት አፉን ይዞ የኖረው፣ ድንገት ለፍላፊ ሆነ። ባልና ሚስት ትይዩ ተቀምጠው "በላህ?" "በላሁ" ይባባላሉ። ሌላው ወሬ ከልጅቷ ሻንጣ ጋር ተጭኖ የሄደ ይመስል ነበር።

እነዚያ ሁለቱ ባይኖሩ! ጠጋኙ አመሻሽ ላይ ጎመን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ ደረጃውን ሲወጣ፣ ፌስታሉ ገና ሿ ሲል ከውስጥ ፉጨቱ ይጀምራል። ዊይይክ! ዊይይክ! በሩን ሲከፍት በሽቦ ቤታቸው ውስጥ፣ መጥበሻ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ ብድግ ብድግ ይላሉ። በዚህ ዕድሜው እንዲህ አድርገው የሚቀበሉት ሰው ማን አለ? "መጣሁ እናንተ፣ መጣሁ" እያለ ኮቱን ሳያወልቅ ይንበረከካል። እነሱ ከሄዱ ያ ሰዓት ብቻውን እንደሚቀር ያውቃል። ያንን ደግሞ አይፈልግም ነበር፤ በጭራሽ።

ችግሩ የመጣው በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። ሱቁ ለምሳ ተዘግቶ፣ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ጥቁር ክር ሊገዛ ወደ ቤታቸው ወጥቶ ሳለ፣ ዳኛዋ የእጅ ቦርሳዋን ብታነሳ ማንገቻው እጇ ላይ ቀረ፤ ቦርሳው መሬት።

"ማነው የቦርሳዬን ማንገቻ የበላው?"

"እኔ አይደለሁም" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እኔ ምሳ በልቻለሁ።"

ሶፋው ሥር ገር-ገር-ገር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጠጋኙ ለመሸፈን አሳለ፤ ግን ሳል ከመጋዝ ጋር አይመሳሰልም።

ዳኛዋ ቀጥ ብላ ቆመች። "ስማ። አንተም ስማ" አለች፣ ጣቷን ከባሏ ወደ እንግዳው እያዞረች። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አንድ የተበላሸ ዕቃ ዓይኔ ካየ፣ እነዚህ ሁለቱ ይወጣሉ። ብያለሁ!"

"ብላለች!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምስክር መሆኑ ደስ እያለው። እሱ ፊት የተነገረ ነገር በሬዲዮ እንደተነገረ ነው። እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

ጠጋኙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ሥራ ጀመረ። ማለዳ፣ ዳኛዋ ሱቋን ልትከፍት ስትወርድ፣ እሱ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ቤቱን ይፈትሻል። የወንበሩ መስቀለኛ እንጨት ጎድሎ ካገኘ የጣውላ ብናኝ በሰም ለውሶ ይሞላውና በሻይ ያጠይመዋል። የጠረጴዛው ጨርቅ ዘርፍ ከተበላ የቀረውን አሳጥሮ አዲስ አሠራር ያስመስለዋል። የሬዲዮው ገመድ እንኳ ተልጦ ተገኝቶ ነበር፤ እግዜር ሲያወጣቸው ከግድግዳው ተነቅሎ ነበር። እሱንም ጠቀለለውና ሁለቱን ቁጭ አድርጎ መከራቸው። "ልጆቼ፣ እንጨት ብሉ፣ ጨርቅ ብሉ፤ መብራት ግን አይበላም።" ገመዱንም ከዚያ ወዲያ ከፍ አድርጎ ሰቀለው።

ቤት ውስጥ መጠገን የማይቻለውን በምሳ ዕቃው ይዞ ወደ ሥራ ቦታው ይወርዳል። አንድ ቀን የዳኛዋን ነጠላ ጫማ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲሰፋ ፀጉር አስተካካዩ ደረሰበት።

"ጋሽ ደመና! የሴት ጫማም ጃንጥላ ሆነ እንዴ?"

"እግርም ዝናብ ይነካዋል። አንተ ሂድ፣ የሰው ጺም ላጭ።"

"ኧረ ይሄ ጫማ የት ነው የማውቀው..."

"ጆሮህን ልስፋልህ?"

ሰውዬው እየሳቀ ሄደ።

እንግዳ ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የራሱ ኮፍያ ጠርዙ ተቦጭቆ አገኘው። "የእኔ ነው፣ ይቆያል" ብሎ ወንበር ላይ ተወው። በማግስቱ ሊያደርገው ሲያነሳ ኮፍያው ደህና ነበር፤ ደህና ብቻ ሳይሆን ከድሮው ይሻል ነበር። አገላብጦ አየው። "ጠግኜው ረስቼ ይሆናል" አለ በልቡ። በሌላ ቀን የመጋረጃው ታችኛ ጥግ ተበልቶ አየ፤ ሊጠግነው ክር ይዞ ሲመለስ የተበላ ነገር የለም። ጠጋኙ ፈራ። እጄ ሳላዘው የሚሠራ ከሆነ አእምሮዬ ሄዷል ማለት ነው፣ አለ። መንገድ ላይ የደንበኞቹን ስም በልቡ እየጠራ ራሱን ፈተነ። ሁሉንም ያስታውሳል። እንዲያውም ጃንጥላቸው ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ ጭምር።

በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀምጦ የመጋረጃውን ጥግ ገለበጠ። የወፍ እግር የለም። ቋጠሮው ጨርቁ ውስጥ ተውጦ፣ ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ ምላሱን እንደያዘ ሰው ዝም ብሏል። ክሩ ደግሞ ያ ጥቁር ሰማያዊ ክር ነው፤ ዳኛዋ ለማንም የማትሸጠው፣ ከራሷ መሳቢያ የማይወጣው።

መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳቀ። መሬቱ ላይ ተንጋሎ፣ እንባው በጆሮው በኩል እስኪወርድ፣ ሞረድ ምን እንደሆነ ልታይ እስክትመጣ ድረስ ሳቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ሁለት ድር አብሮ ሁለት ጥርሳሞችን ከስደት ፍርድ ያተርፍ ነበር።

ምንም አልነገራት። እሷ ቃሏን ሰጥታለች፤ የሰጠችውን ቃል እንድትጠብቅ እያዩ እንዳላዩ ሆኖ መርዳት እንጂ "ያዝኩሽ" ማለት የባል ወግ አይደለም። ብቻ አንድ ቀን፣ ፀሐይ በርትታ ሥራ ጠፍቶ ቀደም ብሎ ሲገባ፣ ደረጃው ላይ ድምፅዋን ሰምቶ ቆመ። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ስትዘፍን ሰምቷት አያውቅም። ዘፋኝ ሁሉ የወዳጁን ጥርስ ያወድሳል፤ እሷም ታወድስ ነበር፦

"ጥርስሽን ወደድኩት ወተትን ይመስላል፣
ምን ይሆናል ታዲያ ወንበሬን ይበላል።"

ዊይይክ! አሉ ተቀባዮቹ።

ጠጋኙ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፌስታሉ እንዳይንኮሻኮሽ ደረቱ ላይ አቅፎ ሰማ። ከዚያ ሆን ብሎ እግሩን እየረገጠ ወጣ። በሩን ሲከፍት ዳኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ አቧራ ታራግፋለች። "እነዚህ አሳሞችህ ዛሬም ሲጮኹ ዋሉ" አለች።

እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ምንኛ ጥሩ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን መንገድ ላይ ልጅቷን አግኝቶ ስለ ፍርዱ ነገራት፣ እሷም ደወለች። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ጠጋኙም ሰማ።

"እማዬ፣ አስቸገሩሽ አሉኝ። ምን ላድርግ፣ እሑድ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

ጠጋኙ የጎረሰው ዳቦ አፉ ውስጥ ቆመ። ዳኛዋን አያት። ዳኛዋ ግድግዳውን አየች። አገር ምድሩ የሰማውን ቃል እንዴት አድርጋ ትመልሰው?

"ጥሩ" አለች። "ውሰጃቸው። ካርቶን ይዘሽ ነይ።"

ስልኩን ዘጋች። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ተሰማ።

"በላህ?"

"በላሁ" አለ፤ ዳቦው ግን ገና አልወረደም።

እሑድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ከባድ ደመና ነበር። ጠጋኙ እንደ ልማዱ በዝናብ መግቢያ ላይ ያንን ቀይ ጃንጥላ ከምስማሩ አውርዶ ጎድኖቹን ዘይት ይቀባል። ሐሳቡ ግን ከእሱ ጋር አልነበረም። እጁ ይቀባል፣ ዓይኑ ሶፋው ሥር የሚሯሯጡትን ሁለቱን ይሰናበታል። በሩ ሲንኳኳ ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሊከፍት ሄደ። እጀታው ወደ ታች ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጃንጥላ ሲያስደግፍ የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት ገልብጦ አስደገፈው።

ልጅቷ ገባች፤ መተቃቀፍ፣ መሳሳም፣ "ከሳሽ" "አልከሳሁም"። ካርቶኑን አስቀመጠች። ጠጋኙ ዞር ሲል መጋዝ የጃንጥላውን እጀታ በሁለት እጇ አቅፋ እንደ ቆሎ ትቆረጥመዋለች፤ ሞረድ ደግሞ ከሥር ትቀበላለች። የቆልማማው እንጨት ጫፍ ነጥቷል።

ያ ጃንጥላ የትዳራቸው ጅማሬ ነው። ሰምም፣ ብናኝም፣ ሻይም አያድነው። በዓይኑ ልጅቷንና እናቷን እየጠበቀ ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ ሸጎጠው፤ ሁለቱን ወንጀለኞች አንስቶ ካርቶኑ ውስጥ አደረጋቸው። ከዚያ ሦስቱም ካርቶኑን አዩት።

"በቃ፣ ሳይዘንብ ልሂድ" አለች ልጅቷ። ዝናቡ ይህን እንደሰማ ሁሉ ጣሪያውን መታው።

"ጃንጥላ ስጣት" አለች ዳኛዋ።

"ጃንጥላ?" አለ ጃንጥላ ጠጋኙ።

"አዎ፣ ጃንጥላ። ሰምተህ አታውቅም?"

"ያው... ሁሉም ሥራ ቦታ ነው ያለው።"

"ቀዩስ? አሁን ዘይት ስትቀባው አልነበር?"

ልጅቷ ግን ከበሩ ጀርባ አይታው አወጣችው። እጀታውን ስትይዝ እጇ ቆመ። "ውይ፣ አባዬ! ተበልቷል እኮ!"

ዳኛዋ ቀስ ብላ መጣች። ጃንጥላውን ተቀበለች። የነጣውን እንጨት፣ ትንንሽ የጥርስ ቦዮቹን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ጠጋኙ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኗ አይቷል። ቃሉ ወጥቷል። ካርቶኑም ተዘጋጅቷል።

"ጠጋኝ" አለች ዳኛዋ፤ በሱቋ በምትናገርበት ድምፅ ነበር። "በሙያህ ልጠይቅህ። ጃንጥላ ሥራው ምንድን ነው?"

ዓይኑን ገለጠ። "ዝናብ መመለስ።"

"ክፈተው።"

ከፈተው። ዘይት የጠገቡት ጎድኖች በአንድ ትንፋሽ ተዘረጉ፤ ቤቱ ውስጥ ቀይ ጥላ ወደቀ። ሆዱ ላይ፣ ያች የጥንቷ የወፍ እግር እንደተራመደች ነበረች።

"የተሰበረ አለው?"

"የለውም።"

"ዝናብ ይመልሳል?"

"ይመልሳል።"

"እንግዲያው አልተበላሸም" አለች ዳኛዋ። "የተበላሸ ዕቃ ዓይኔ ካየ ነው ያልኩት። የትኛው ነው የተበላሸው? አሳዩኝ።"

ልጅቷ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን አየች። ከዚያ ወንበሩን ገለበጠች፤ የሻይ ቀለሙ ሻይ ሻይ ይላል። የመጋረጃውን ጥግ አየች። የእናቷን ጫማ አየች፤ የወፍ እግር። የአባቷን ኮፍያ አየች፤ ጥቁር ሰማያዊ ክር።

"እናንተ ሰዎች!" አለች። "እናንተ ሁለት አታላዮች!"

"እኔ ምንም አላደረግኩም" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ ከዚያ ተያዩ። ዳኛዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ሳቁ በዓይኗ አመለጠ። ጠጋኙ ተከተላት። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"የኔንም ስሙ። ባሌ እነሱ የሚተኙበትን ድርቆሽ ባሸተተ ቁጥር ያነጥሳል። 'የእናትሽ ቃል ነው፣ ምን ይደረጋል፣ እያነጠስኩ እኖራለሁ' ብሎኝ ነው የመጣሁት!"

በዚህ መሃል ካርቶኑ ገር-ገር አለ። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ወጣች፤ ከቀዳዳዋ እርጥብ አፍንጫ ብቅ አለ። ፍርድ ሳይሰጥ እስር ቤቱን እየበሉ ነበር።

ዳኛዋ መስኮቱን ከፈተች። ፀጉር አስተካካዩ ታች በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል።

"አንተ! ስማኝ!"

"አቤት!"

"መርምሬ አላጠፉም ብያለሁ። ይቀመጣሉ!"

"ብላለች!" ብሎ ጮኸ ሰውዬው ለባዶው መንገድ።

ልጅቷ ባዶ ካርቶኗን ትታ፣ በቀዩ ጃንጥላ ሥር ሄደች። "እጀታውን ልቀይርልሽ?" ብሎ ነበር አባቷ በሩ ላይ። "ለመያዝ ይመቻል" አለችው፣ ጣቶቿን በጥርስ ቦዮቹ ውስጥ እያስገባች። ጠጋኙ በመስኮቱ ቀዩ ክብ እያነሰ፣ እያነሰ፣ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተለው። ነገ ሥራ ይበዛል፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ስንት ጃንጥላ ይገለብጣል!

ከኋላው፣ ጠረጴዛው ሥር፣ ገር-ገር-ገር።

"ያቺ ወንበር ናት" አለ ሳይዞር።

ዳኛዋ መብራቱን አብርታ፣ የጥቁር ሰማያዊውን ክር መሳቢያ ይዛ፣ ከዚያ በፊት አድርጋው በማታውቀው ግልጽነት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

"ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አላልኩም" አለች፤ ክሩንም አስገባች።